ቴማችሁን በማይመች ፖስት ፈትኑት

አንድ የዎርድፕረስ (ያለ ብዙ ኮድ ዌብሳይት የሚሰራበት ሲስተም) ቴም፣ ማለትም የዌብሳይቱን መልክ የሚወስነውን ኮድ፣ ሰርቼ አስረክቤ ብዙም ሳልቆይ ባለቤቱ ደወለልኝና «ዋናው ገጽ ላይ ግማሹ ፖስት ርዕስ የለውም» አለኝ። ከፍቼ ሳየው እውነቱን ነው፣ ፎቶው አለ፣ ቀኑ አለ፣ «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለውም አለ፣ ርዕሱ መኖር ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ፖስቱን ከፍታችሁ ስትገቡ ደግሞ ርዕሱ በትልቁ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ኤረር የለም፣ ዋርኒንግ የለም፣ ሎጉ ንጹህ ነው። ሁሉም ቢጠፋ እኮ አንድ ነገር ነው፣ አንዳንዱ ይታያል አንዳንዱ አይታይም፣ እና ሁለት ቀን ሙሉ ዳታቤዝ ስፈትሽ፣ ፕለጊን ሳጠፋና ሳበራ፣ ካሽ ሳጸዳ ከረምኩ።

ምክንያቱ እኔው የጻፍኩት አንድ መስመር ኮድ ነበር። ካርዱ ላይ ርዕሱ እንዳይረዝም ብዬ ቴሙ በተጻፈበት ቋንቋ በፒኤችፒ፣ ሰብስትር በሚባለው ጽሁፍ ቆራጭ ፋንክሽን 40 ላይ ቆርጬዋለሁ። ሰብስትር ደግሞ ሚቆጥረው ባይት (ኮምፒውተሩ ጽሁፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ) ነው እንጂ ፊደል አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ ባይት ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቅም፣ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። «የአይን ጤና እንዴት ይጠበቃል» የሚለውን ርዕስ ውሰዱ፦ እስከ ሦስተኛው ክፍት ቦታ ድረስ 33 ባይት ነው፣ «ይጠ» ሲጨመርበት 39 ይሆናል፣ 40ኛው ባይት የሚያርፈው «በ» ላይ ነው፣ ያውም መጀመሪያዋ ሲሶ ላይ። ፊደሉ መሀሉ ላይ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዛ ይሄ የተቆረጠ ጽሁፍ ኤስክ ኤችቲኤምኤል ወደሚባለው ፋንክሽን ይገባል፣ ዎርድፕረስ ላይ ጽሁፍ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት አደገኛ ነገር እንዳይዝ የሚያጸዳ ፋንክሽን ነው፣ እና የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 ሲያገኝ የተበላሸችውን ፊደል ብቻ አይጥልም፣ ሙሉውን ጥሎ ባዶ ይመልሳል። «ልጅ ሲታመም ምን ላድርግ ላላችሁ» የሚለው ርዕስ ግን በሰላም ይወጣል፣ ምክንያቱም 12 ፊደል 36 ባይት፣ አራት ክፍት ቦታ ሲጨመር ልክ 40፣ መቀሱ ያረፈው ክፍት ቦታው ጋር ነው። ርዕሱ አጭር ከሆነም ጭራሽ ስለማይቆረጥ ይታያል። አንዳንዱ የሚታየው አንዳንዱ የሚጠፋው ለዚህ ነበር።

መፍትሄው አጭር ነው፣ ሰብስትርን አውጥቶ ፊደል በሚቆጥረው በኤምቢ ሰብስትር መተካት፣ ወይም ፒኤችፒው ሙሉውን ርዕስ እንዲያወጣ አድርጎ ማሳጠሩን የገጹን መልክ ለሚያዘው ኮድ ለሲኤስኤስ መተው፣ እኔ አሁን ሁለተኛውን ነው ምመርጠው። እስካሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ቴሙን ሳስረክብ «ቴስት አድርጌዋለሁ» ብዬ ነበር፣ ደግሞ አድርጌም ነበር፣ ሁሉንም ገጽ አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻለሁ፣ በሞባይልም አይቻለሁ። ያየሁት ግን ራሴ በሞላሁት፣ ለዲዛይኑ እንዲመች አድርጌ በመረጥኩት የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ነው። ከዛ ወዲህ ነው ቴምን በማሽን ስለመፈተን በደንብ ማንበብና መስራት የጀመርኩት፣ እና ብዙ ሰው ከመፈተኛው ሶፍትዌር ስለሚጀምር ነገሩ ይከብደዋል፣ የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን፣ እንዴት ኮንፊገር ላድርግ ምናምን እያለ እዛው ደክሞት ይተወዋል። እኔ ከይዘቱ እንድትጀምሩ ነው ምፈልገው።

ዎርድፕረስ ሲኤምኤስ ነው፣ ሲኤምኤስ ማለት ይዘቱ አንድ ቦታ መልኩ ሌላ ቦታ የሚቀመጥበት ሲስተም ነው። ጽሁፉ፣ ኮሜንቱ፣ ሜኑው ዳታቤዝ ውስጥ ነው፣ ቴሙ ደግሞ «ርዕስ ከመጣ እዚህ ጋር በዚህ መጠን፣ ፎቶ ካለ ከላይ፣ ኮሜንት ካለ ከታች» የሚል የትዕዛዝ ስብስብ ነው። ዎርድፕረስ በ2003 ሲወጣ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጠራው) ዛሬ የምናውቀው አይነት ቴም አልነበረውም፣ ቴም የመጣው በ2005 ከ1.5 ጋር ነው። ሌላው ሲኤምኤስ ድሩፓልም ከ2015ቱ 8ኛው ቨርዥን ጀምሮ ቴሙን ትዊግ በሚባል የቴምፕሌት ቋንቋ ነው ሚጽፈው። ስሙና ቋንቋው ይለያይ እንጂ ሀሳቡ አንድ ነው፣ ቴም የሚሰራ ሰው ልክ ሳይወስድ ልብስ እንደሚሰፋ ሰው ነው። ማን እንደሚለብሰው አያውቅም፣ ረጅም ይሁን አጭር አያውቅም፣ ነገ ሌላ ሰው እንደሚለብሰው ግን ያውቃል። ተራ የኤችቲኤምኤል ገጽ ከሆነ አንዴ አይታችሁ ካማረ አማረ፣ ነገም ያው ነው። ቴም ላይ ዛሬ ያያችሁት ገጽ ነገ በሚጻፍ ፖስት ሌላ ገጽ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ብዛቱ ነው። ዎርድፕረስ ላይ አንድ ፖስት ሲከፈት ሲስተሙ መጀመሪያ ለዛ ፖስት አይነት የተዘጋጀ ቴምፕሌት (የገጹ ንድፍ ፋይል) አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል፣ ከሌለ ሲንግል የሚለውን፣ እሱም ከሌለ ሲንጉላር፣ ሁሉም ከጠፋ ኢንዴክስ ላይ ይወድቃል። በዚህ አይነት ዋናው ገጽ፣ ፖስት፣ ፔጅ፣ ካታጎሪ፣ ታግ፣ የጸሀፊ ገጽ፣ የቀን አርካይቭ፣ ሰርች፣ ውጤት ያጣ ሰርች፣ «ገጹ የለም» የሚለው 404 ብላችሁ ስትቆጥሩ 10 ይሞላል። በሞባይል፣ በታብሌትና በኮምፒውተር ስታዩት 30፣ ሎግኢን ያደረገና ያላደረገ ሰው ስትሉ 60። ሎግኢኑን ለምን አስገባኸው ካላችሁ፣ ሎግኢን ላደረገ ሰው ከላይ የሚመጣው የአድሚን ባር 32 ፒክስል ነው፣ ስክሪኑ 782 ፒክስልና ከዛ በታች ሲሆን 46 ይሆናል፣ እና ቴማችሁ ከላይ ተጣብቆ የሚቀር ሄደር ካለው በትክክል እዛ ባር ስር ይደበቃል፣ የጎዳውን ሰው ደግሞ አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ ሎግኢን አድርጎ የሚሰራውን ኤዲተር ነው። እንግዲህ አንድ የሲኤስኤስ መስመር በነካችሁ ቁጥር 60 ገጽ ከፍቶ ሚያይ ሰው የለም፣ እኔም አላደርገውም እናንተም አታደርጉትም። ማሽን ግን ሳይሰለች ያደርገዋል፣ ስራውን ለሱ የምንሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እና ከይዘቱ እንጀምር። ዎርድፕረስ ለቴም ሰሪዎች በነጻ የሚሰጠው የቴም ዩኒት ቴስት ዳታ የሚባል ፋይል አለ፣ ኤክስኤምኤል ነው፣ አዲስ ዌብሳይት ላይ ኢምፖርት ስታደርጉት ሆን ተብሎ የማይመች የተደረገ ይዘት ይሞላላችኋል። በጣም ረጅም ርዕስ፣ ርዕስ የሌለው ፖስት፣ ከገጹ የሰፋ ፎቶ፣ ግራና ቀኝ የተጠጋ ፎቶ፣ ሊስት በሊስት ውስጥ፣ መልስ በመልስ ላይ የተደራረበበት ኮሜንት፣ ፓስወርድ ያለው ፖስት፣ ብዙ ነገር አለው። ርዕስ የሌለው ፖስት ማን ይጽፋል እንዳትሉ፣ ብዙ ቴም ወደ ፖስቱ የሚወስደውን ሊንክ ርዕሱ ላይ ብቻ ነው ሚያስረው፣ ርዕሱ ባዶ ሲሆን ሊንኩም ሚነካ ቦታ ያጣል፣ ፖስቱ አለ ግን መግቢያ በር የለውም።

ይሄ ፋይል ጥሩ መነሻ ነው ግን ጽሁፉ በብዛት እንግሊዝኛ ስለሆነ የኔን ባግ አይዘውም ነበር። ስለዚህ የራሳችሁን ጨምሩበት። እኔ ዛሬ የማልተወው ይሄን ነው፦ 60 ፊደል የሚያልፍ የአማርኛ ርዕስ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ አንድ የአረብኛ ፖስት፣ ክፍት ቦታ የሌለው ረጅም ሊንክ፣ ፎቶ የሌለው ፖስት፣ ሦስት ደረጃ የሚወርድ ሜኑ። አማርኛ በተለይ ብዙ ነገር ያጋልጣል። ለእንግሊዝኛ ታስቦ የመስመር ቁመቱ 1 የተደረገና ከሳጥኑ የወጣው እንዲደበቅ የታዘዘ ርዕስ፣ የግዕዝ ፎንት ሲገባበት ፊደሎቹ ከላይ ወይ ከታች ሊቆረጡ ይችላሉ። ሌላም አለ፣ ይሄ የቴሙ ጥፋት ባይሆንም ቴስት ስትጽፉ ያደክማችኋል፦ ዎርድፕረስ ከርዕሱ የሚሰራው የሊንክ ስም ከ200 ምልክት አያልፍም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሊንክ ላይ ሲቀየር 9 ምልክት ይፈጃል፣ ስለዚህ 22 ፊደል አካባቢ ላይ ይቆረጣል። ቴስቱ ውስጥ ሊንኩን ከርዕሱ ተነስታችሁ በእጃችሁ ከጻፋችሁ ገጹ የለም ይላችኋል። ሊንኩን ሁሌም ከሲስተሙ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ይዘቱ ከተሞላ በኋላ ማሽኑ ምን ይሰራል? ደረጃ ደረጃ አለው።

መጀመሪያ ኮዱን ሳያስነሳ ያነባል። የፒኤችፒ አጻጻፍ ስህተት አለ ወይ፣ ከዳታቤዝ የመጣ ጽሁፍ ሳይጸዳ ገጽ ላይ ወጥቷል ወይ፣ ቴሙ የግድ መጥራት ያለበትን ጠርቷል ወይ። ለዚህ ፒኤችፒ ኮድ ስኒፈር ከዎርድፕረስ ህጎች ጋር አለ፣ ቴም ቼክ የሚባል ፕለጊንም አለ። ቀላል ይመስላል ግን ለምሳሌ በተለመደው የፒኤችፒ ቴም ላይ ደብሊውፒ ፉተር የሚባለውን ጥሪ ፉተሩ ላይ የረሳ ሰው ዌብሳይቱ ያለምንም ኤረር ይከፈትለታል፣ ፕለጊኖች ግን ጃቫስክሪፕታቸውን ሚያስገቡት በዛ በኩል ስለሆነ ፎርሙ አይልክም፣ ጋለሪው አይከፈትም፣ አድሚን ባሩም ላይመጣ ይችላል፣ ሰውየው ደግሞ ፕለጊኑን ነው ሚራገመው። ስለማጽዳቱ ደግሞ ድሩፓል ላይ ትዊግ በራሱ ያጸዳል፣ ዎርድፕረስ ላይ ግን በተለመደው የፒኤችፒ ቴምፕሌት ቴም ሰሪው ራሱ በየቦታው መጥራት አለበት። የኔን ርዕስ ባዶ ያደረገው ይሄው ማጽጃ ነው ብላችሁ እንዳታወጡት፣ እሱ ስራውን ነው የሰራው፣ ጥፋተኛው ከሱ በፊት የቆረጠው ነው።

ቀጥሎ ዩኒት ቴስት አለ፣ አንዲት ፋንክሽን ለብቻዋ ተጠርታ ትክክለኛ መልስ ትሰጣለች ወይ የሚል፣ በፒኤችፒ ዩኒት ይጻፋል። ቴም ውስጥ ብዙ ሎጂክ ስለማይኖር እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ፣ ቀን የሚያቀያይር ወይ ጽሁፍ የሚያሳጥር ፋንክሽን ካላችሁ ለሱ ጻፉ፣ በቃ።

ዋናው ቦታ ብራውዘሩ ነው። ብራውዘርን በኮድ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም፣ ሰሌኒየም በ2004 ነው የተጀመረው፣ ከሱ የወጣው ዌብድራይቨር በ2018 የዌብ ስታንዳርድ የሚያወጣው የደብሊውሦስትሲ ስታንዳርድ ሆነ፣ በ2020 ደግሞ ማይክሮሶፍት ፕሌይራይትን አወጣ፣ በአንድ ኮድ ክሮሚየምን፣ ፋየርፎክስንና የሳፋሪ ሞተር የሆነውን ዌብኪትን ይነዳል። ድሩፓል ለራሱ ኮር ከፒኤችፒ ዩኒት ጋር የተያያዙ የብራውዘር ቴስቶች አሉት፣ ከ8.6 ጀምሮ ናይትዋች የሚባለውን የጃቫስክሪፕት መፈተኛም ጨምሯል። እናንተ የትኛውንም ያዙ፣ ጥያቄው ብራውዘሩን ምን እንጠይቀው ነው።

እኔ የምጠይቀው ተራ ተራ ነገር ነው፣ ግን ለእያንዳንዱ ገጽ። ገጹ 200 (በሰላም ተከፍቷል የሚለውን ኮድ) መለሰ ወይ፣ 404ቱ ደግሞ በትክክል 404 መለሰ ወይ። ዋና ርዕስ አለው ወይ፣ ባዶስ አይደለም ወይ። የብራውዘሩ ኮንሶል ላይ ቀይ ነገር አለ ወይ። ዲበግ ሞድ ተከፍቶ ገጹ ውስጥ «ዋርኒንግ» የሚል የፒኤችፒ ጽሁፍ አለ ወይ። ሜኑው በሞባይል ስፋት ሲነካ ይከፈታል ወይ፣ ኢስኬፕ ሲጫኑስ ይዘጋል ወይ።

ከሁሉም ግን ብዙ ባግ ያስያዘችኝ አንዲት ጥያቄ አለች። ስክሪኑን 320 ፒክስል ስፋት ታደርጉታላችሁ፣ ገጹን ትከፍታላችሁ፣ ከዛ ብራውዘሩን «የገጹ ሙሉ ስፋት ከሚታየው ስፋት ይበልጣል ወይ?» ትሉታላችሁ። አዎ ካለ አንድ ነገር ወደ ጎን ወጥቷል፣ ሰውየው ስልኩ ላይ ጽሁፍ ለማንበብ ገጹን ወዲህ ወዲያ መጎተት አለበት ማለት ነው። ሁለት ቁጥር ማወዳደር ነው፣ አንድ መስመር ኮድ። በአይን ስታዩት ግን በቀላሉ ያመልጣል፣ ምክንያቱም ወደ ጎን የወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ከገጹ ታች ያለ ሰፊ ቴብል ወይ የማይሰበር ሊንክ ነው፣ እናንተ የምታዩት ደግሞ የገጹን አናት ነው። 320ን ከኪሴ አላወጣሁትም፣ ገጹ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች (አክሰሰቢሊቲ) የወጣው መመሪያ ደብሊውሲኤጂ ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ ጽሁፉ በዚህ ስፋት ወደ ጎን ሳይጎተት መነበብ አለበት ይላል። ቴስቱ ሲወድቅ ደግሞ ከስክሪኑ የሰፋውን ኤለመንት ፈልጎ ስሙን እንዲነግራችሁ አድርጋችሁ ጻፉት፣ «ወደቀ» ብቻ ካላችሁ የትኛው እንደሆነ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

አሁን ስክሪንሾት የማወዳደሩ ነገር። ብዙ ሰው የቴም ቴስት ሲባል ትዝ የሚለው ይሄ ነው፣ ትላንት የተነሳው ፎቶና ዛሬ የተነሳው ፎቶ ፒክስል በፒክስል ይወዳደራሉ፣ ልዩነቱ በቀይ ይቀለማል። አንድ በተን 3 ፒክስል ወርዶ ቢሆን ይነግራችኋል፣ ፎንቱ ሳይጫን ቀርቶ በሌላ ቢተካ ይነግራችኋል፣ ያቺ የተቆረጠች የግዕዝ ፊደል ጭንቅላትም እዚህ ጋር ነው ምትያዘው። በኮድ «ያምራል ወይ» ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል «ተቀየረ ወይ» ብሎ መጠየቅ ነው፣ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው።

ግን ካልተጠነቀቃችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትጠሉታላችሁ። «ከ2 ሰዓት በፊት» የሚል ቀን ገጹ ላይ ካለ ሁሌም ይለያል። የሚንቀሳቀስ ስላይደር ካለ ፎቶው የትኛው ሰከንድ ላይ እንደተነሳ ይወሰናል። ሲወርዱ ብቻ የሚጫኑ ፎቶዎች አንዴ ይኖራሉ አንዴ አይኖሩም። ከሁሉም የሚያስቸግረው ፎንት ነው፣ ያው ፎንት ማክ ላይና ሊኑክስ ላይ ሲሳል ጠርዙ ይለያያል፣ ለዚህ ነው ፕሌይራይት ራሱ ስክሪንሾቱን ሲያስቀምጥ የብራውዘሩንና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስም ፋይሉ ስም ላይ የሚጨምረው። ስለዚህ የፖስቶቹን ቀን ቁርጥ ያለ ቀን አድርጉት፣ አኒሜሽኑን አጥፉት፣ የሚቀያየረውን ቦታ ሸፍኑት፣ ፎቶውንም ሁሌ አንድ አይነት የዶከር ኮንቴይነር (የትም ማሽን ላይ ያው የሆነ ዝግ አካባቢ) ውስጥ አንሱ እንጂ አንዱ በራሱ ላፕቶፕ አንዱ በሰርቨር አያንሳ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት። እኔ 60ውንም ገጽ በስክሪንሾት መያዝን አልደግፍም። አንድ ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር 60 ፎቶ ቀይ ይሆንና እጃችሁ ሳታዩ «አዲሱን ተቀበል» የሚለውን መጫን ይለምዳል፣ ከዛ በኋላ እውነተኛው ስህተት ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተቀባይነት ያገኛል። 8 ወይ 10 ፎቶ ይበቃል፣ ቀይ ሲሆን እያንዳንዱን ቁጭ ብላችሁ ምታዩትን ያህል። የቀረውን በቅድሙ የጥያቄ አይነት ያዙት።

አክሰሰቢሊቲም በማሽን የሚፈተን ክፍል አለው፣ አክስ የሚባል ነጻ ላይብረሪ አለ፣ ከፕሌይራይት ጋር ይሰራል። ለምሳሌ ነጭ ገጽ ላይ ግራጫ ጽሁፍ ብዙ ዲዛይነር ይወዳል። መመሪያው ለተራ ጽሁፍ የሚፈልገው የቀለም ልዩነት 4.5 ለ 1 ነው። ሀሽ 777777 የሚባለው ግራጫ ነጭ ላይ 4.48 ነው ሚሆነው፣ ይወድቃል። አንድ ደረጃ ብቻ የጠቆረው ሀሽ 767676 ግን 4.54 ነው፣ ያልፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው፣ የማንም አይን አይለያቸውም፣ እንዲህ አይነቱን ነገር ለሰው አይን መተው ልክ አይደለም። በሌላ በኩል ፎቶው የጽሁፍ መግለጫ አለው ወይ የሚለውን ማሽኑ ያውቃል፣ መግለጫው ትርጉም አለው ወይ የሚለውን ግን አያውቅም። በኪቦርድ ብቻ፣ ታብ እየተጫናችሁ ገጹን ዙሩት፣ የት እንዳላችሁ ይታያችኋል ወይ፣ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ መውጣት ትችላላችሁ ወይ። ከፊሉን ቴስት መጻፍ ይቻላል፣ አንዴ ግን በራሳችሁ እጅ ሞክሩት፣ አይነስውር ተጠቃሚ ገጻችሁ ላይ ምን እንደሚያጋጥመው ትንሽ ይገባችኋል።

«ኮዱን ካልነካሁት ለምን ደግሜ እፈትነዋለሁ» የሚል ሰው አለ። በኦገስት 2020 ዎርድፕረስ 5.5 ሲወጣ ጄኩዌሪ ማይግሬት የሚባለውን፣ ጄኩዌሪ በሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የተጻፈ አሮጌ ኮድ እንዲሰራ የሚያግዘውን ፋይል፣ በራሱ መጫን አቆመ። አፕዴት ያደረጉ ብዙ ዌብሳይቶች ላይ ስላይደሩ ቆመ፣ ሜኑው አልከፈት አለ፣ እና የሚያግዝ ፕለጊን ወዲያው መውጣት ነበረበት። የነዛ ዌብሳይቶች ቴም ላይ በዛን ቀን አንዲት ፊደል አልተቀየረችም። ፒኤችፒም እንዲሁ ነው፣ ሊቆጠር የማይችል ነገር ስንት እንደሆነ ለሚቆጥረው ለካውንት ፋንክሽን ብትሰጡት በፊት ዝም ይላችሁ ነበር፣ ከ7.2 ጀምሮ ዋርኒንግ ሰጠ፣ በ8.0 ገጹን ሙሉ በሙሉ ማቆም ጀመረ። ቴማችሁ ባዶ ጋለሪ ላይ ካውንት የሚል ከሆነ ለዓመታት ሰርቶ ሆስቲንጉ ፒኤችፒውን ከፍ ያደረገ ቀን ይቆማል፣ ያውም ጋለሪ የሌለው ፖስት ላይ ብቻ። ስለዚህ ቴስቱ ኮድ ስትቀይሩ ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ በራሱ እንዲሮጥ አድርጉት፣ አሁን ባለው ቨርዥንና ገና ቤታ ላይ ባለውም፣ በሁለት በሦስት የፒኤችፒ ቨርዥን። ቴስት በቀጠሮ በራሱ የሚያሮጠው ጊትሀብ አክሽንስ ላይ ይሄ ጥቂት መስመር ነው፣ ዎርድፕረሱንም በዶከር በአንድ ትዕዛዝ የሚያስነሳ ደብሊውፒ ኢንቭ የሚባል ቱል አለ።

ብቻችሁን ለምትሰሩ ሰዎች ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። መጀመሪያ የማይመቸውን ይዘት አዘጋጁና አስቀምጡት። ከዛ 10 ሊንክ የያዘ አንድ ሊስትና በእያንዳንዱ ላይ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች፣ 200፣ ባዶ ያልሆነ ርዕስ፣ ወደ ጎን አለመውጣት። ግማሽ ቀን የሚወስድ ስራ ነው። ከዛ በኋላ ባግ በመጣ ቁጥር ከማስተካከላችሁ በፊት ያንን ባግ የሚያሳይ ቴስት ጻፉ፣ መውደቁን በአይናችሁ እዩ፣ ከዛ አስተካክሉ። ሲወድቅ ያላያችሁትን ቴስት አትመኑት፣ የርዕሱን ኤለመንት ስም ተሳስታችሁ ከሆነ ምንም ሳያገኝ ምንም ሳይፈትሽ አልፌያለሁ ሊላችሁ ይችላል።

እኔም ለዛ ለጠፋው ርዕስ እንደዛ ነው ያደረኩት፣ ቁጭ ብዬ አሮጌውን ኮድ ሳልነካ አንድ ፖስት «የአይን ጤና እንዴት ይጠበቃል» ብሎ የሚፈጥር፣ ከዛ ሊስቱ ላይ ያሉትን ገጾች አንድ በአንድ ከፍቶ ርዕስ የሌለው ካርድ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቴስት ጻፍኩ። ዋናው ገጽ ላይ እንደሚወድቅ አውቅ ነበር፣ ወደቀም። ከሱ ጋር ግን የሰርች ውጤት ገጹም ወደቀ፣ ፖስቱ ስር «ተያያዥ ጽሁፎች» የሚለው ቦታም ወደቀ። ያንኑ መስመር ኮፒ አድርጌ ሦስት ቦታ ለጥፌው ኖሯል፣ ባለቤቱ የደወለልኝ ስለ አንዱ ብቻ ነበር።